አትጠብቂኝ በያት

ሀዲል ጁስ ቤቱ በር ላይ ስትቆም ስርጉት ማንጎ እየላጠች ነበር። ቀና ብላ ስታያት እጇ ባለበት ቀረ። ያቺ ሴት በዚህ በር ገብታ አታውቅም። አሶሳ ገበያ ውስጥ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ እንኳ ቀድማ ዓይኗን የምትሰብረው፣ ልጆቿን ጎትታ ወደ ሌላ መደዳ የምትታጠፈው ሀዲል ናት። ዛሬ ግን ብቻዋን መጥታ፣ እንደ ሱዳን ሴቶች የተጠቀለለችበትን ሰማያዊ ቶቧን በትከሻዋ ላይ ደጋግማ እየሰበሰበች፣ ጁስ በሚጠጡት ሰዎች ፊት ቆማለች።

«እናቴ ትፈልግሻለች» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«መጣ እንዴ?»

ቃሉ ሳታስበው ነው ከስርጉት አፍ ያመለጠው። መልሱ እስኪመጣ ስርጉት መላ ሰውነቷ ጆሮ ሆኖ ጠበቀ።

«አልመጣም» አለች ሀዲል። «ነይና ራሷ ትንገርሽ።»

ስርጉት እጇን ታጠበች። አንዴ የታጠበችውን መልሳ ታጠበች። የመጣ ካልሆነ ለምን ይጠሯታል? ያ ቤት በደጉ ቀን ያልጠራት ቤት ነው። ሽርጧን ፈትታ ሀዲልን ተከተለች።

ሙንታሲር የሀዲል ታናሽ ወንድም ነው። ስርጉት ጁስ ቤቱን በከፈተችበት ዓመት ከእናቱ ጓሮ ማንጎ በባጃጅ እየጫነ ያመጣላት ነበር። ማንጎውን ከኬሻ እያወጣ ሲቆጥር ዓይኑ እሷ ላይ ይቀርና ቁጥሩ ይጠፋበታል፤ እንደ አዲስ ይጀምራል። እሷም እንደጠፋበት እያወቀች ዝም ትላለች፤ እንደገና ሲጀምር ቆይታው ይረዝማላ። እንዲህ እንዲህ ሲሉ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ማንጎ ብቻ እያወሩ ተዋደዱ።

ሲታወቅባቸው ሁለቱም ቤት ተናወጠ። የስርጉት አባት አቶ በቃሉ በልጅነታቸው፣ በደርግ ዘመን ከወሎ ከድርቁ ተነሥተው የመጡ፣ በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ አርሰው ያደሩ ሰው ናቸው። «እኔ እያለሁ ሃይማኖትሽን ለውጠሽ ከደጄ አትወጪም» አሉ። የሙንታሲር እናት ዐዋጢፍ ደግሞ ከአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ከበርታ ወገን ናቸው፤ አያት ቅድመ አያታቸው በተከሉት ማንጎ ሥር ያረጁ። እሳቸውም ከደጋ የመጣውን ሁሉ በሚጠሩበት ስም «ሀበሻ ምራት በቤቴ አይገባም» አሉ። ሁለቱ ወጣቶች አንዱ ወገን እስኪለዝብ እንታገሥ ተባባሉ።

ይህን ሲባባሉ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ገባ። ሀዲል እዚያው ሱዳን፣ ደማዚን ከተማ ነበር የተዳረችው፤ ባሏ ሞቶባት ከልጆቿ ጋር ብቻዋን ነበረች። ዐዋጢፍ ወንድ ልጃቸውን «እህትህን አምጣልኝ» ብለው ላኩት። ስርጉት ለመነችው፤ አለቀሰች፤ ተቆጣች። «እህቴ ናት» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበረውም። ልትሸኘውም አልወጣች። የተሳፈረበት አይሱዙ በጁስ ቤቱ በኩል ሲያልፍ ግን ከላይ ሆኖ አያት። እሷ ፊቷን አዞረች። ያዞረችው እንባዋን እንዳያይ ነበር፤ እሱ ይህን ይወቅ አይወቅ የሚነግራት አልተገኘም።

ከሳምንታት በኋላ ሀዲል ልጆቿን ይዛ በድንበሯ ከተማ በኩርሙክ በኩል ገባች። ሙንታሲር አብሯት አልነበረም። «ወደ ኋላ ቀረ» አለች፤ ከዚያ በላይ ቃል አልወጣትም። ስልኩ ተዘጋ። ማንጎው ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አብቦ ሁለት ጊዜ ተለቀመ። ስርጉትን ጠያቂ መጣ፤ መለሰችው። ሌላ መጣ፤ እሱንም መለሰችው። ፍቅሯ ቀን ተሌት ከፍርሃት ጋር አብሮ የሚኖር ነገር ሆነ። ስልክ ሲጠራ ትፈራለች፤ ሳይጠራ ሲውልም ትፈራለች።

ዐዋጢፍ ጓሮ ውስጥ፣ በገመድ የተጠለፈ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል። ስርጉት ከሩቅ ስታያቸው የምታውቃቸው ትከሻ ሰፊ ሴት የት እንደ ሄዱ ግራ ገባት።

«ና ግባ። ተቀመጥ» አሏት።

የዐዋጢፍ አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ሰው «አንተ» ነው። ሙንታሲር በዚህ እየሣቀ «ስትገናኙ ተቆጥታ እንዳይመስልሽ፤ እኔንም አንዳንዴ አንቺ ትለኛለች» ይላት ነበር። እሱ እያለ ሳይገናኙ ቀሩ እንጂ።

«ደህና ነዎት ወይ ኻልቲ?» አለች ስርጉት። ኻልቲ እንደ አክስት ለሚከበሩ ሴቶች የአገሩ አጠራር ነው፤ ይህንንም ያስተማራት ሙንታሲር ነበር።

«ዓርብ ሰደቃ አለ» አሉ ዐዋጢፍ ሰላምታውን ትተው። «ጁምዓ በኋላ ሼሁ ለሙንታሲር ሶላት ይሰግዳል። የሞተ ሰው ሶላት። ሬሳ የለም። ባይኖርም ይሰገዳል አለ።»

ስርጉት ጆሮዋ ውስጥ ውሃ የገባ መሰላት። «ሞቷል ያለ ሰው አለ?»

«ሰው አላለም። የኔ ልብ ደከመ።»

«ካልታወቀ እንዴት ይሰገዳል? ኻልቲ፣ እባክዎ...»

«ስማ» አሏት እጃቸውን አንሥተው። «አንተ ስትጠብቅ አየሁ። ሰው ነገረኝ፤ ሊያገባህ መጣ፣ አንተ እምቢ አልክ። ድሮ እኔ አንተን ጠላሁ። አሁን አልጠላም። ዓርብ ና። እዚህ ሴቶች ይቀመጣሉ፤ አንተ እኔ ጎን ተቀመጥ። ማን ነው ይሄ ቢሉኝ፣ የሙንታሲር ሚስት ነው እላለሁ።»

የሙንታሲር ሚስት። ስርጉት ይህን ቃል ከእኚህ ሴት አፍ ለመስማት ስንት ዓመት እንደተመኘች እሷና ሙንታሲር ብቻ ናቸው የሚያውቁት። በሐሳቧ ስንት ጊዜ በዚህ ግቢ ገብታለች፤ ስንት ጊዜ ከእኚህ ሴት ጎን ተቀምጣለች። አሁን በሩ ተከፍቶ ቦታዋን ሲያሳዩዋት፣ ቦታው የለቅሶ ምንጣፍ ሆኖ አገኘችው። ሚስቱ የምትሆነው መበለቱ በምትሆንበት ሰዓት ነው።

«አልቅሰን እንጨርስ» ቀጠሉ ዐዋጢፍ። «ከዚያ አንተ ሰው ታገባለህ፣ ትወልዳለህ። እኔ ልኬው ሄደ። የልጄን ዕድሜ በላሁ። ያንተን አልበላም።»

ስርጉት አሁን ገባት። እስከዛሬ የጠሏት የመሰሏት ሴት ከመጠበቅ ሊፈቷት እየሞከሩ ነው። ቢሰድቧት፣ ከግቢ ቢያስወጧት ምን እንደምትመልስ ታውቅ ነበር። ይህን ስትሰማ ግን ብድግ አለች።

«አልችልም ኻልቲ።»

«ለምን?»

«ከጎንዎ የተቀመጥኩ እንደሆን ይሞታል።»

ዐዋጢፍ ከአልጋው ጫፍ ወደ እሷ ዘንበል አሉ።

«ሞተ ካልኩ እኔ እተኛለሁ። አለ ካልኩ፣ የት ነው? ውሃ አገኘ? ማን ይመታዋል? የሞተ ሰው አይመታም፤ አይራብም። አንተ ይሄን አታስብም?»

ስርጉት ታስበዋለች። ሌት ተቀን የምታስበው እሱን ነው። ይህን ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ስትሰማ ግን የመጀመሪያዋ ነበር። ከግቢው ስትወጣ ከኋላዋ የሚከታተላት ነገር ያለ ይመስል ቶሎ ቶሎ ትራመዳለች።

በእርግጥም የሚከተላት ነበረ። ሀዲል ናት። አጥሩ ዳር፣ የመጨረሻው ማንጎ ዛፍ ሥር ደረሰችባት።

«ቁሚ» አለቻት እያለከለከች። «ዓርብ ሳይደርስ መስማት ያለብሽ ነገር አለ። ለእናቴም ሁሉን አልነገርኳትም።»

ስርጉት ቆመች። ሩጪ ሩጪ የሚላት ነገር ነበር፤ አልሮጠችም።

«ወደ ኋላ ቀረ ያልኩት ውሸት ነው» አለች ሀዲል። አማርኛዋ አሶሳ ተምራ ስላደገች የተስተካከለ ነው፤ አሁን ግን ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች ታወጣው ነበር። «በአንድ መኪና ላይ ነበርን። መንገድ ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስቆሙን። ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ የጠየቀም የለም። ወጣት ወንዶቹን ውረዱ አሏቸው። ትንሿን ልጄን እሱ ነበር ያቀፋት፤ ከአንገቱ አላቅቆ ሰጠኝና ወረደ። ሾፌሩን ሂድ አሉት።»

«ከዚያስ?»

«ሄድን።»

«ጥይት ሰማሽ?»

«ሰማሁ። ግን በዚያ መንገድ ጥይት የማይሰማበት ቀን አልነበረም። ለነሱ ይሁን ለሌላ፣ አላውቅም። ወደ ኋላ አልዞርኩም። ልጆቼ እንዳያዩ ፊታቸውን ቶቤ ውስጥ ደበቅሁ፤ የራሴንም አብሬ ደበቅሁ።»

ስርጉት የዛፉን ግንድ ያዘች። ሀዲል አልጨረሰችም። ዓይኗ ሌላ ቦታ ሆኖ ቀጠለች።

«ሲወርድ በቋንቋችን አንድ ነገር ነገረኝ። ‹ለስርጉት አትጠብቂኝ በያት› አለኝ።»

ከሩቅ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል። አጥሩ ላይ ወፎች ይንጫጫሉ። ስርጉት ይህን ሁሉ ሰማችው፤ የገዛ ትንፋሿን ግን አልሰማችም።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ይዘሽው ኖርሽ?» አለች በመጨረሻ።

«ያዝኩት።» የሀዲል እንባ አሁን ገነፈለ። «መጀመሪያ ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ ፈራሁ። አንቺ መጠበቅ ስታቆሚ የሚሞት መሰለኝ። እናቴ ተስፋ ቆርጣለች፤ እኔ ደግሞ የሆነውን አይቻለሁ። በዚህ ከተማ ይመጣል ብሎ የሚኖር ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ገበያ ላይ ስንገናኝ ዓይንሽን ማየት እፈራለሁ፤ አንቺ ሳታዪኝ ግን በማዶ ቆሜ አይሻለሁ። በርሽን ከፍተሽ፣ ፀጉርሽን ተሠርተሽ ሳይሽ ‹አለ ማለት ነው› እያልኩ ወደ ቤቴ እገባለሁ። በድዬሻለሁ። ዕድሜሽን ነው የቀማሁሽ።»

ስርጉት ልትቆጣ ፈለገች። ግን ከዚያ የበለጠ ልትጠይቀው የፈለገችው ነገር ነበር።

«ስሜን ጠርቶ ነው ያለው?»

«ጠርቶ ነው።»

«ሌላ የማንን ስም ጠራ?»

«የማንንም።» ሀዲል በቶቧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «በመንገድ ሁሉ ስላንቺ ነበር የሚያወራው። ፊቷን አዞረችብኝ አለኝ። ተቀይማ ነው ስለው፣ አይደለም፣ እያለቀሰች ስለነበር ነው አለኝ።»

ያን ጊዜ ነው ስርጉት ያለቀሰችው። አውቆላት ነበር። ያን ሁሉ ሌሊት ያብሰለሰላት ነገር ገና ያኔ፣ አይሱዙው በደጇ ሲያልፍ በእሱ ልብ ያለቀ ነገር ነበር። ግን ደስታው አንድ አፍታ አልቆየላትም። አትጠብቂኝ ያለ ሰው ምን አይቶ ነው እንዲህ ያለው? ከመኪናው ሲወርድ ምን አየ? ወደ ቤቷ ስትሄድ ይኸው ጥያቄ አብሯት ሄደ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አቶ በቃሉ ከመንደራቸው መጡ። ሰደቃው በከተማው ተሰምቷል። ጁስ ቤቱ ውስጥ ገብተው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ስርጉት የሚቆጡ መስሏት ነበር።

«ሂጂና ተቀመጪ» አሏት።

«አባዬ!»

«ሂጂ ነው የምልሽ። ጥቁር ልበሺ። የሰው ምላስ ለኔ ተይው።» ባርኔጣቸውን አዟዟሩት። «ከወሎ ሲያመጡን ታላቅ ወንድሜ ከመኪናው ተለይቶ ቀረ። እናቴ እዚህ ከገባን ጀምሮ መኪና በመጣ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ትወጣ ነበር። ድስት አርሮባት ያውቃል፤ ሕፃን አልቅሶባት ያውቃል። አንድ ቀን አልቅሺና ይውጣልሽ ቢሏት እምቢ አለች። እንደዚያው ሳታለቅስ ሞተች። ያቺን ሴት ሁለተኛ ማየት አልፈልግም፣ ልጄ። አንቺ ላይ እያየኋት ነው።»

ስርጉት አባቷ ስለ እናታቸው ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም።

«አጎቴስ? ሞቶ ነበር?»

«አናውቅም» አሉ አቶ በቃሉ። «እስከዛሬ አናውቅም።»

አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች። ትከሻቸውን ደገፍ ስትል አልተንቀሳቀሱም። እሳቸው የፈሩላትን እሷም ፈራችው፤ አያቷን አይታ ባታውቅም፣ ያቺ መኪና በመጣ ቁጥር የምትወጣ ሴት ማን እንደሆነች ግን በደንብ ታውቃለች።

ዓርብ ጁስ ቤቱን ከፈተች። ለምን እንደከፈተች ራሷም አታውቅም፤ ቤት መዋል ግን አልቻለችም። አዛን ሲሰማ መንገዱ ጭር አለ። ከጎኗ ያለው ሱቅ መዝጊያውን ሳብ አድርጎ ሄደ። ስርጉት የጁስ መፍጫውን አጥፍታ በሩን ተደግፋ ቆመች።

አሁን ይሰግዳሉ። ከጁምዓው ቀጥሎ ለሱ ይቆማሉ። አሁን ሼሁ ስሙን ይጠራል። ሮጣ ሄዳ «ተዉ፣ ገና ነው» ልትል ፈለገች። ወዲያው ደግሞ ሮጣ ሄዳ ከዐዋጢፍ ጎን ልትወድቅ፣ ከሴቶቹ ጋር ይህን የታፈነ ነገር ጮሃ ልታወጣው ፈለገች። እውነት ሞቶ ከሆነስ? እሷ ግትር ሆና አሮጊቷን በለቅሷቸው ቀን ብቻቸውን ትታቸው ከሆነስ? ሚስቱ ነኝ እያለች የሚስት ወጉን ነፍጋው ከሆነስ? ከበሩ ግን አልራቀችም፤ ወዴትም አልሄደች።

ሰው ከመስጊድ መመለስ ሲጀምር ዓይኗን ጨፈነች። አለቀ። ተሰገደ።

ዓይኗን ስትገልጥ ዐዋጢፍን አየች። በመንገዱ መሀል ለመሀል ቀስ እያሉ ይመጣሉ። የለቅሶ ነጭ ለብሰዋል። ሀዲል ከኋላ ትከተላለች። ሰው መንገድ እየለቀቀ ያያቸዋል፤ ከለቅሶ ቤት ባለለቅሶዋ ስትወጣ ማን አይቶ ያውቃል? ስርጉት ሊረግሟት የመጡ መሰላት። ይርገሙኝ ብላ ባለችበት ቆማ ጠበቀቻቸው።

ዐዋጢፍ ገብተው የፕላስቲክ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ላብ አጥምቋቸዋል።

«ውሃ ስጠኝ» አሉ። ጠጡ።

«ተሰገደ?» አለች ስርጉት።

«ቤት ሰው ሞላ» አሉ ዐዋጢፍ። «እኔ ጎን ሴቶች ሊቀመጡ መጡ። እኔ እጄን እዚያ አስቀመጥኩ። የሙንታሲር ሚስት ይመጣል፣ ተዉ አልኩ። ጠበቅሁ። አንተ አልመጣህም።»

«ይቅር ይበሉኝ ኻልቲ።»

«ስማ። ሼሁ ሰው ላከ። እናቱ ይፈቅዳል ወይ አለ። እኔ ያንን ቦታ አየሁ። ሚስቱ ያላለቀሰለትን ሰው እኔ እንዴት እቀብራለሁ?» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «አልፈቀድኩም። አይሰገድም አልኩ። ምግቡን ብሉ፣ በደህና እንዲመጣ ዱዓ አድርጉ አልኩ። አንዳንዱ በላ፤ አንዳንዱ አበደ ብሎኝ ሄደ።»

ስርጉት አጠገባቸው ቁጭ አለች። ሀዲል በሩ ላይ ቆማ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች።

«ሀዲል ዛሬ ነገረኝ» አሉ ዐዋጢፍ። «መኪናውን፣ ሁሉንም። ልጄ አትጠብቅ ብሎህ ሄደ አሉ።»

«አዎ።»

«እሺ አልክ?»

«መጥቶ ራሱ ይንገረኝ» አለች ስርጉት።

ዐዋጢፍ ሊሥቁ የፈለጉ መሰሉ፤ ፊታቸው ግን መሀል መንገድ ላይ ተሸነፈ። ቀና ብለው ሲያዩዋት ዓይናቸው ውስጥ የነበረው ፍርሃት ስርጉት በየማለዳው መስታወት ውስጥ የምታየው ነበር።

«እንግዲህ ዛሬ ሌሊት አልተኛም» አሉ። «አንተ ለምደሃል። ንገረኝ፤ እንዴት ነው የሚጠበቀው?»

«አልለመድኩም ኻልቲ። ማታ ማታ በጣም ነው የምፈራው።»

«ማታ እኛ ጋ ና።»

«እመጣለሁ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ሙንታሲር ባይመጣ የምትሰበረው እሷ አንዲት ነበረች። አሁን አንዲት እናት በእሷ እምቢታ ለቅሷቸውን ትተው ወጥተዋል፤ ተሳስታ ቢሆን ልጃቸውን እንደ አዲስ የሚቀብሩት እሳቸው ናቸው። ያቀፈቻቸው ልታጽናናቸው ነበር። የአሮጊቷ ክንድ ወገቧን ሲይዛት ግን እሷም ይህን ሁሉ ጊዜ የሚይዛት ሰው እንዳልነበረ ተሰማት፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ ግን አልለቀቀቻቸውም።